እንዴ! አሶሳ ከጃዝ ምን አላት ያለው ማነው?

«አሜሪካ ያደገች ልጅ ስለ አገር ቤት ምን አውቃ ነው የምትዘፍነው?» ብሎ ጀመረኝ ወዳጄ። የኢትዮ ጃዝ ዘፋኟን መክሊት ሀደሮን ማለቱ ነው።

ስላጣችው ነዋ! ደጁ ተከፍቶ የሚጠብቀው ሰው ስለ ቤት ዘፈን አያወጣም፤ ገብቶ ይተኛል። ቤት ምንድን ነው እያለ ሲያብሰለስል የሚያድረው የወጣው ነው። ልጅቷ አዲስ አበባ ተወልዳ ነፍስ ሳታውቅ ወላጆቿ ይዘዋት ወጡ። አይዋ፣ ኒውዮርክ፣ ፍሎሪዳ እያለች አደገች። ዬል ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፖለቲካል ሳይንስ ተማረች፣ ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዳ ዘፈኑን የሙጥኝ አለች። ይህን ሁሉ አገር የረገጠ ሰው «ቤቴ የት ነው?» ብሎ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ? ከቀበሌው ወጥቶ የማያውቀው?

«እሺ ትጠይቅ፤ በእንግሊዝኛ ምን አስጠየቃት?»

በሁለቱም ነው የምትጠይቀው፤ አንተ አንዱን ብቻ ሰምተህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችውን አልበም ክፈተው። በእንግሊዝኛ ዘፈኖቿ መሐል «አባይ ማዶ» ተቀምጧል። የዱሮው፣ እናትህም አያትህም የሚያውቁት «አባይ ማዶ»። ይህን ዘፈን ደግሞ አዲስ አበባ ሆኖ መስማትና አሶሳ ሆኖ መስማት ለየቅል ነው። ክልላችንን ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አባይ ለሁለት ከፍሎት ነው የሚያልፈው። መተከል ከወንዙ ወዲያ፣ አሶሳና ካማሺ ከወንዙ ወዲህ። ለአሶሳ ሰው ማዶው መተከል ነው፤ ለመተከል ሰው ማዶው አሶሳ ናት። ሁለቱም አንዱን ወንዝ እያዩ «ማዶ» ይባባላሉ። እዚህ የሚኖር ሰው የሚናፈቀው ማዶ ራሱ የቆመበት ቦታ መሆኑን ያውቃል። መክሊት ይህን ያወቀችው በዘፈን ነው፤ እኛ ያወቅነው በመኖር ነው። ታዲያ ከእኛ በላይ ማን ይስማት?

«አባይ ማዶማ ከእሷ በፊትም ተዘፍኗል። እሷ ምን ጨመረች?»

ይህን ጥያቄ ካንተ ቀድሞ ሙላቱ አስታጥቄ ጠይቋታል። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሰው በ1960ዎቹ አጋማሽ (እንደ ፈረንጆቹ) ኒውዮርክ ላይ ቅኝታችንን ከጃዝ ጋር ሲያጋባ ማንም አልጠበቀውም ነበር። መክሊትን ሲያገኛት የዱሮውን መልሰሽ አትዝፈኝልኝ፣ አንቺ ምን ታመጪለታለሽ አላት፤ ራሷ ናት ደጋግማ የምትናገረው። ስንቱ አንጋፋ ነው ተተኪውን «እንደ እኔ አድርጊ» የማይላት?

ምን እንዳመጣችስ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቴድ በሚባለው ትልቅ የንግግር መድረክ ላይ ወጣች። ስለ ምን አወራች መሰለህ? ስለ ድምፅ። ወፍ፣ የድስት ክዳን፣ ዝምታ ሳይቀር ዜማ እንዳለው ተናገረች። ከዚያ አማርኛን አነሳች። «እንዴ!» የመሰለውን ስንናገር ድምፃችን እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሰማች፤ ይህን የንግግር ውጣ ውረድ ሙዚቀኛ በመሣሪያ ተከተለው፣ ዜማ ሆነ። አየህ፣ አንተ አሁን «እንዴ!» ብለህ አፍህን ስትከፍትብኝ ዜማ እያወጣህ ነው። አገሯን በስሚ ስሚ የምታውቅ የምትላት ልጅ፣ አገር ውስጥ ተቀምጠን ሰምተን የማናውቀውን ነገር በጆሯ ይዛ ሄዳለች። የልጅ ጆሮ የእናቱን ንግግር ከቃሉ በፊት በዜማው ነው የሚለየው፤ ቋንቋው ቢሳሳባት እንኳ ዜማው አልጠፋባትም።

«ቢሆንም ጃዝ የእኛ አይደለም።»

የማን ነው? የፈረንጅ እንዳትለኝ! ጃዝን ኒው ኦርሊየንስ ላይ የወለዱት ከአፍሪካ በሰንሰለት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች ናቸው። ስማቸው ተቀይሮ፣ ቋንቋቸው ተነጥቆ፣ አገራቸው የት እንደሆነ የሚነግራቸው አጥተው፣ የቀረላቸው ምት ብቻ ነበር። ቤት የሌለው ሰው በድምፅ ቤት ሠራ። መክሊት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው አልበም ላይ የኒው ኦርሊየንሱ የፕሪዘርቬሽን ሆል ጃዝ ባንድ ነፊዎች አብረዋት ተጫውተዋል። የአልበሙን ርዕስ በአማርኛ ልንገርህ፤ ሰው ሲነቀል ሙዚቃውም አብሮት ይነቀላል፣ ይጓዛል፣ እንደማለት ነው። ከአፍሪካ የተወሰዱት ልጆችና በስደት የወጣችው የአዲስ አበባ ልጅ በአንድ አልበም ተገናኙ። ማን የማንን ወሰደ ትላለህ?

ሩቅ መሄድ ካልፈለግህ ደግሞ አሶሳ ዙሪያ እንሂድ። ስማቸው ቁጥር የሆነ መንደሮች አሉ፤ አምባ ይህን ያህል፣ አምባ ያን ያህል ይባላሉ። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ወሎን ድርቅና ረሃብ ሲገርፋት መንግሥት በሠፈራ ያመጣቸው ሰዎች መንደር ነው። ቀበቶውን አጥብቆ፣ ልጁን አዝሎ የመጣ ሰው ዕቃ አልያዘም። ምን ይዞ መጣ? አምባሰልን ይዞ መጣ። ባቲን ይዞ መጣ። የወሎ ሰው የአገሩን ስም ለቅኝት ሰጥቶት ስለነበር፣ መሬቱን ትቶ ሲወጣ ስሙ በጉሮሮው ቀረ። አምባ ውስጥ ተወልዶ ወሎን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ አያቱ በሰርግ ሲያዜሙ አምባሰልን ሰምቶ አድጓል። እስቲ ለዚህ ልጅ አገሩ የት እንደሆነ ንገረው! አሶሳ ነው ካልከው አያቱን ከነዜማቸው ትነጥቀዋለህ። ወሎ ነው ካልከው የተወለደበትን ማንጎ ጥላ ትነጥቀዋለህ። ሁለቱም የእሱ ናቸው፤ ልጁ ራሱ አልተቸገረም፤ የተቸገረው ጠያቂው ነው።

«አሁን ነገሩን ወደ ወሎ ወሰድከው። የአሶሳን ባለቤቶች ንገረኝ፤ በርታዎቹ ከጃዝ ምን አላቸው?»

ደረስክልኝ! አዝመራ ሲገባ የበርታ ሰዎች የቅል መለከታቸውን ይዘው ሲወጡ ቆመህ አይተህ ታውቃለህ? ከድንበር ማዶ ዋዛ ይሉታል፣ እዚህ ዙምባራ ሲባል ትሰማለህ። ስሙ ዋዛ ይሁን እንጂ ነገሩ የዋዛ አይደለም። ረጃጅም ቅሎች ጫፍ ለጫፍ ተሰክተው የተሠሩ መለከቶች ናቸው፤ ትልቁ የሰው ቁመት ያህላል፣ ትንሹ ደግሞ በጣም ያንሳል። ነፊዎቹ በየመለከታቸው መጠን ይሰለፋሉ። አንዱ በአንድ እጁ መለከቱን ደግፎ በሌላው ትከሻው ላይ ያጋደመውን እንጨት በቀንድ እየመታ ምቱን ይጠብቃል። አሁን ልብ በል፦ እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አንድ! ከዚያ ሌላ አይወጣውም። ዜማው የሚሠራው አንዱ «ቡ» ሲል ሌላው በክፍተቱ ገብቶ «ቢ» ሲል፣ ሦስተኛው ከመሐል ሲሰነቅር ነው። ተራውን አንድ ሰው ከሳተ ዜማው ይጎድላል። ከመሐላቸው አንዱን ነጥለህ «እስቲ ዘፈኑን አሰማኝ» ብትለው የሚያሰማህ ዘፈን የለውም። ዘፈኑ ያለው በመሐላቸው ነው።

ጃዝ የሚጫወት ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ታውቃለህ? የጓደኛህን ድምፅ ሳትሰማ የራስህን አትጨምር የሚለው የጃዝ የመጀመሪያ ሕግ በበርታዎች ዘንድ በገበሬ ትንፋሽ ሲከበር ኖሯል። በርታዎች ጃዝ ይጫወታሉ አላልኩህም፤ የራሳቸው ነው፣ ስም አያስፈልገውም። የምልህ ጃዝ ወደ አሶሳ ቢመጣ እንግዳ ሆኖ አይቆምም ነው። ኢትዮ ጃዝ እስከ ዛሬ ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከክራርና ከማሲንቆ በርካታ ነገር ወስዷል። ከዚህ ጥግ ምን ወሰደ? በጣም ጥቂት። ይህ ያንገበግበኛል፣ ደብቄ አልነግርህም።

«መክሊትስ ወደዚህ ወገን ዞር ብላ ታውቃለች?»

ወደ ወንዙ ዞራለች፤ ወንዙ ደግሞ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ መሠረት ተጣለ። ያው በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ በ2011፣ መክሊትና ሚና ጊርጊስ የሚባል ግብፃዊ የሙዚቃ ሰው ካሊፎርኒያ ላይ ናይል ፕሮጀክት የሚባል ነገር ጀመሩ። የወንዙ ተጋሪ አገሮች ባለሥልጣኖች በየጉባኤው ሲካረሩ፣ እነሱ ዘፋኝና ተጫዋች ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 አስዋን ላይ ተገናኙ። ከእኛ ወገን ሳክስፎን የሚነፋው ጆርጋ መስፍን ነበር፣ ማሲንቆ የሚመታው እንድሪስ ሐሰን ነበር፣ ሰላምነሽ ዘመነም በዚህ ጉዞ ገብታበታለች። ከሱዳን አልሳራ፣ ከግብፅ ዲና ኤል ወዲዲ። የአባይን ውኃ ለመካፈል ዓመታት ያነሷቸው አገሮች ልጆች አንድ ዜማ ለመካፈል ሁለት ሳምንት አካባቢ በቃቸው፤ «አስዋን» የሚል አልበምም ወጣ።

«ዘፈን ግድብ አይሞላም።»

ግድቡማ ተሞላ! ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ በኩራት ነው የምናገረው። ግን አስዋንን ጠራሁልህና አስዋንን አስብ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአስዋን ግድብ ሲሠራ የኑቢያ ሰዎች መንደራቸው ውኃ ገባበት፤ በግብፅም በሱዳንም ብዙ አሥር ሺህ ሰው ተነሣ። ከተነሡት ዘንድ የመመለስ ዘፈኖች ወጡ፤ አልሳራ ከምትጫወታቸው ዘፈኖች በርካቶቹ ከዚያ የናፍቆት ጎርፍ የተቀዱ ናቸው። እሷም ካርቱም ተወልዳ ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ቤተሰቧ ወደ የመን፣ የመንም ሲነድ ወደ አሜሪካ ወጥቷል። ሁለት ጊዜ የተነቀለች ልጅ፣ ከተነቀሉት ዘፈን ቤት ሠራች።

እንግዲህ ጉባ ላይም የውኃው ቦታ ላይ የነበሩ የጉሙዝ ሰዎች ተነሥተዋል። አገር ብርሃን ታገኝ ዘንድ የወንዝ ዳር ማሳቸውን፣ ዓሣ የሚያጠምዱበትን ዳርቻ ለቀዋል። የእነሱን ዘፈን ማን ቀረጸ? የትኛው ስቱዲዮ ደጁን ከፈተላቸው? የግድቡን ሲሚንቶ ቆጥረን እናውቃለን፤ የተነሣውን ዜማስ ማን ይቁጠር? ኑቢያዎቹ የእነሱን አሰምተውናል፤ ጉሙዞቹ ለምን ዝም ይበሉ?

«ሱዳን ሱዳን አበዛህ።»

አሶሳ ተቀምጠህ ሱዳንን የማታነሳው እንዴት ሆኖ ነው? እ.ኤ.አ. በ1902 እንግሊዝና ዳግማዊ ምኒልክ ወረቀት ላይ መስመር ሲያሰምሩ የበርታ ሰው ወዲያና ወዲህ ተከፈለ። ኩርሙክ የሚባል ቦታ እኛም ዘንድ አለ፣ እነሱም ዘንድ አለ። ሸርቆሌ ካምፕ ከ1997 ጀምሮ፣ ባምባሲ ከ2012፣ ፆሬ ከ2015 ጀምሮ (ሁሉም በፈረንጅ) ከብሉ ናይል የሸሸውን ሰው ተቀብለዋል፤ በ2023 ሱዳን ስትነድ ደግሞ በኩርሙክ በኩል እንደገና ጎረፈ። ሀጁጅ ኩካ የሚባል ሱዳናዊ እ.ኤ.አ. በ2014 «ቢትስ ኦፍ ዚ አንቶኖቭ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል፤ ቶሮንቶ ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። ከላይ አውሮፕላን ቦምብ ይጥላል፣ ከታች ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ አውሮፕላኑ ሲሄድ ወጥቶ የክራራችን ዘመድ የሆነችውን ረባባ አንሥቶ ይዘፍናል። አልሳራም ፊልሙ ውስጥ አለች። ይህ ሕዝብ ነው ጎረቤታችን። ቤቱ ሲቃጠል ዘፈኑን ይዞ የሚወጣ ሰው ቤቱ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ ይባላል?

«እሺ፣ ከዚሁ ሠፈር ወጥቶ ዓለም የሰማው አንድ ዘፋኝ ጥራልኝና ልረታ።»

ተረታ! እጅጋየሁ ሽባባው። ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት። ቻግኒ ዛሬ በአዊ ዞን ብትሆንም በዱሮው አከፋፈል የመተከል አውራጃ ከተማ ነበረች፤ ዛሬም ወደ ግልገል በለስ፣ ወደ ጉባ የሚሄድ መኪና የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የወጣውን አልበም አብረዋት የተጫወቱት እነማን ናቸው? ኸርቢ ሀንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮ ሳንደርስ። የጃዝ ሰው እነዚህን ስሞች ሲሰማ ከወንበሩ ይነሣል። እነዚህ ሰዎች ለቻግኒ ልጅ ድምፅ መሣሪያቸውን አነሡ። በዚያው አልበም ላይ ስለ አባይ ዘፍናለች፤ ከወንዙ ብዙም ያልራቀ ደጅ ላይ ያደገች ልጅ፣ ከውቅያኖስ ማዶ ሆና። አንዷ አድጋ ወጣች፣ አንዷ ታቅፋ ወጣች፤ ሁለቱም ሳን ፍራንሲስኮን ረግጠዋል፣ ሁለቱም ወደዚያው ወንዝ ተመልሰዋል። አሁንም ውጭ ያደገች፣ ውስጥ ያደገች እያልክ ልትለያቸው ነው?

ወዳጄ ትንሽ ዝም አለና «እኔኮ አገሯ የት ነው ብዬ ብጠይቅ ምን ጥፋት አለው?» አለኝ።

አለው። ይህን በሳቅ አላልፈውም። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ «አገርሽ የት ነው?» ብለው ቢጠይቋት ዘፈን ታወጣበታለች። እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ሰው ገድሏል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ክፉ ዓመታት ካማሺና መተከል ውስጥ አብሮ ያረሰው፣ አብሮ ያገባው ሰው «አንተ የዚህ አገር አይደለህም» እየተባለ ተገደለ፤ ጉሙዙም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ሺናሻውም፣ አገዉም አለቀሰ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ። በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጥቶ መጠለያ ገባ። ስለዚህ አንዲት ሴት መድረክ ላይ ወጥታ «ቤቴ አንድ አይደለም፣ ሁለትም አይደለም፣ ዘፈኔ ውስጥ ሁሉም አለ» የሚል ሙዚቃ ስትሠራ ለእኛ መዝናኛ ብቻ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ማንም የአሶሳ ሰው ገለልተኛ መሆን አይችልም፤ እኔም አይደለሁም።

«ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትለው?»

ትምጣ! እ.ኤ.አ. በ2025 እንኳ «ኤ ፒስ ኦፍ ኢንፊኒቲ» የሚል አዲስ አልበም ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ በሚባለው የሕዝብ ሙዚቃ አሳታሚ በኩል አውጥታለች፤ የአገር ቤት ዘፈኖችን ይዛ ነው የመጣችው። ሳን ፍራንሲስኮ ሰምቶታል፣ ኒውዮርክ ሰምቶታል። አሶሳም ትስማው።

«አሶሳ ላይ የት ትቆማለች?»

አሶሳ በ2007 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦችን ቀን አስተናግዳ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ እንግዳ ሜዳዋን ሞልቶት አልነበረም? ያን ሁሉ ያስተናገደች ከተማ አንዲት ዘፋኝ ከአራት ተጫዋች ጋር ያቅታታል? ከአምባዎቹ አምባሰል የሚያዜሙ እናቶች ይውጡ፣ ከፆሬና ከሸርቆሌ ረባባ ያለው ይምጣ፣ ከመተከል የጉሙዝ ወጣቶች ይምጡ። ድምፅ መቅረጫ የያዘ ሰው ከፊት ይቀመጥ፤ ሳይቀረጽ የሚያልፍ ምንም ነገር አይኑር።

«ደብዳቤውን ማን ይጻፍ?»

ዩኒቨርሲቲው ይጻፍ፣ ባህል ቢሮው ይጻፍ፣ ከፈለግህ አንተ ጻፈው። ቀኑን ግን በራስህ ካላንደር እንዳትቆርጥ። መጀመሪያ መለከት ነፊዎቹ ዘንድ ሄደህ ጠይቅ፤ አዝመራው ሳይገባ አይነፉልህም።